ባለ አራት ሞተሩ ላንካስተር፦ የቦምብ ጣይ አውሮፕላን ሞዴል አሠራር ዝርዝር መመሪያ

የተዋጊ አውሮፕላን ሞዴል ሠርቶ የለመደ ሰው ወደ ቦምብ ጣይ ሲሸጋገር አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቸግረው የእጅ ችሎታ ማነስ አይደለም። አንድ የነበረው ሞተር አራት ይሆናል፣ አንድ የነበረው የመስታወት ክዳን ይበዛል፣ ክንፉ የሥራ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ይይዛል። እንዲህ ሲሆን ውጤቱን የሚወስነው ቅደም ተከተሉ ነው፦ የትኛው ክፍል ሳይገጠም በፊት ይቀባል፣ የትኛው ሳይጣበቅ ይቆያል፣ የትኛው እስከ መጨረሻው ቀን ከሣጥኑ አይወጣም። ከዚህ በታች ያለውን የጻፍኩት ሥራው በሚሠራበት ቅደም ተከተል ነው።

ለምሳሌ የመረጥኩት የእንግሊዙን አቭሮ ላንካስተር ነው። አቭሮ ማንቸስተር የሚባለው ቀዳሚው ባለ ሁለት ሞተር ነበር፤ ሞተሮቹ ግን አስተማማኝ አልነበሩም። ንድፉን የሚመራው ሮይ ቻድዊክ ክንፉን አስረዝሞ አራት የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተሮች ገጠመለት፤ አዲሱ አውሮፕላንም እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 1941 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ። በጠቅላላው 7,377 ተሠርተዋል። ከእነዚህ ከ3,000 በላይ የሚሆኑት በዘመቻ ጠፍተዋል፤ በእያንዳንዱ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ሰው ነበር። ከሥር ደግሞ እንደ ሃምቡርግና ድሬስደን ያሉ ከተሞች ነዋሪዎች ነበሩ። ቦምብ ጣይ ከመሬት ሲታይ ምን እንደሚመስል እኛም እናውቃለን፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 6 ቀን 1935 የጣልያን አውሮፕላኖች ደሴን ደብድበዋታል። ይህን ሞዴል የሚሠራ ሰው የሚሠራው ነገር ምን እንደነበር አውቆ ቢሠራው ደስ ይለኛል።

አንድ አውሮፕላን ይምረጡ

ኪቱን፣ ማለትም የሞዴሉ ክፍሎች ያሉበትን ሣጥን፣ ከመክፈትዎ በፊት "ላንካስተር" ሳይሆን አንድ የተወሰነ ላንካስተር ይምረጡ። ቀደም ብለው የተሠሩት በጎናቸው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ መስኮቶች ነበሯቸው፤ እነሱም ብዙ ጊዜ በቀለም ይሸፈኑ ነበር። ዘግይተው የመጡት ደግሞ ከሆዳቸው በታች፣ ወደ ኋላ በኩል፣ ኤች ቱ ኤስ የተባለውን ራዳር የሚሸፍን ጉብታ አላቸው። የኪት አምራቾች ሁሉንም ዓይነት ክፍል በአንድ ሣጥን ስለሚያስገቡ፣ ሳይመርጡ የጀመሩ ሰዎች የ1942ቱንና የ1945ቱን አውሮፕላን ቀላቅለው ይጨርሳሉ።

የእኔ ምርጫ አር 5868 የሚል መለያ ያለው ነው። ይህ አውሮፕላን በ83ኛውና በአውስትራሊያውያኑ 467ኛ ስኳድሮን አገልግሏል፣ በአፍንጫው ላይ የእያንዳንዱ በረራ ምልክት የሆኑ ትንንሽ ቦምቦች ተደርድረዋል፣ ከጎናቸውም "ማንኛውም የጠላት አውሮፕላን በራይክ ግዛት ላይ አይበርም" የሚለው የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የጎሪንግ ፉከራ ተጽፎበታል። ዋናው ጥቅሙ አውሮፕላኑ ዛሬም መኖሩ ነው፦ በሰሜን ለንደን ሄንደን በሚገኘው የንጉሣዊ አየር ኃይል ሙዚየም ቆሟል፤ መግቢያውም ነፃ ነው። ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎች ከሥሩ ቆማችሁ የማረፊያ እግሩን፣ የሞተሩን ጭስ ማውጫና የቦምብ ማከማቻውን ፎቶ ማንሳት ትችላላችሁ። በካናዳ ኦንታሪዮ፣ ሃሚልተን ከተማ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ዕድለኞች ናችሁ፤ እዚያ ያለው ላንካስተር ዛሬም ለመብረር ከቻሉት ሁለቱ አንዱ ነው።

ሙዚየም መሄድ ለማይችል ሰው በጦርነቱ ጊዜ የተነሱ ፎቶዎች ይበቃሉ። ከግራ፣ ከቀኝና ከላይ የተነሳ ቢያንስ አንድ አንድ ያግኙና በጠረጴዛዎ ፊት ለጥፏቸው።

መጠኑና ዕቃው

የእውነተኛው ላንካስተር ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 31.09 ሜትር ነው። በ1 ለ72፣ ማለትም ከእውነተኛው 72 ጊዜ አንሶ፣ ሲሠራ ወደ 43 ሴንቲሜትር፣ በ1 ለ48 ደግሞ ወደ 65 ሴንቲሜትር ይመጣል። ለመጀመሪያ ቦምብ ጣይ 1 ለ72ን አጥብቄ እመክራለሁ። 65 ሴንቲሜትር የሚሆን ነገር ለመቀባትም፣ ለማድረቅም፣ ለማስቀመጥም ቦታ ይፈልጋል። በዚህ መጠን የኤርፊክስ አዲሱ ኪት በዋጋውም በአገጣጠሙም ጥሩ መነሻ ነው፤ የሐሴጋዋው ውድ ቢሆንም የላይኛው ገጽታው የበለጠ የረቀቀ ነው።

አገር ቤት ሆኖ ለሚሠራ ሰው ትልቁ ጥያቄ ዕቃው በማን እጅ ይመጣል የሚለው ነው። ኪቱ ራሱ በሻንጣ ያለ ችግር ይመጣል። የፕላስቲክ ማጣበቂያ፣ ቲነር፣ የሚረጭ ጣሳና በቲነር የሚቀጥን ቀለም ግን ተቀጣጣይ ስለሆኑ በመንገደኛ ሻንጣ መጫን የተከለከሉ ናቸው። ከዲሲም ይሁን ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ ሲጠይቁ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ቀለም እንዲገዛልዎ ይንገሩት፤ ጠርሙሱ ላይም ተቀጣጣይ የሚል ምልክት አለመኖሩን ያረጋግጥ። ብርጭቆ ወረቀት፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ሱፐር ግሉ፣ ነጭ የእንጨት ኮላ፣ ወረንጦ፣ ስቴኪኒና ምላጭ ከሰፈር ሱቅ ይገኛሉ። ከውጭ መምጣት ያለበት አንድ መሣሪያ ቢኖር ጥሩ መቁረጫ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፒንሳ ትንንሽ ክፍሎችን ይሰብራል።

ኤርብረሽ (ቀለም በአየር ግፊት የሚረጭ ትንሽ መሣሪያ) እና አየሩን የሚሰጠው ኮምፕሬሰር ቢኖር ሥራው ይቀላል። ባይኖርም በሰፊና ለስላሳ ብሩሽ፣ ቀለሙን አቅጥኖ ሦስት አራት ጊዜ በመደራረብ በጣም ጥሩ ላንካስተር ይሠራል፤ የዚህ አውሮፕላን ቀለም ጥቁርና ደብዛዛ መሆኑ ለብሩሽ ሠሪ የተመቸ ነው።

ከውስጥ መጀመር

ክፍሎቹ የተያያዙበትን የፕላስቲክ ፍሬም ለብ ባለ ውሃና በሳሙና አጥበው ያድርቁ። ፋብሪካው ፕላስቲኩ ከቅርጽ ማውጫው እንዲላቀቅ የሚጠቀምበት ቅባት ካልታጠበ ቀለም አይዝም። ክፍል ሲቆርጡ መጀመሪያ ራቅ አድርገው ይቁረጡ፣ ቀሪውን ጉጥ በምላጭና በብርጭቆ ወረቀት ያስተካክሉ።

የላንካስተር ኮክፒት (የአብራሪው ክፍል) ትልቅ ባለ ብዙ መስኮት ቤት ስለሆነ ውስጡ በደንብ ይታያል። መሠረቱን ግራጫ ያዘለ አረንጓዴ፣ የመሣሪያ ሰሌዳውን ጥቁር ይቀቡት፤ ፓይለቱ በግራ በኩል ከፍ ብሎ እንደሚቀመጥ ያስታውሱ። የመቀመጫ ቀበቶ ከኪቱ ጋር ባይመጣ ከወረቀት ፕላስተር ቀጭን ቁራጭ ቆርጦ መሥራት ይቻላል፤ በ1 ለ72 ከውድ የብረት ቀበቶ ብዙም አይለይም። ከኮክፒቱ ኋላ ላለው የአካሉ ውስጥ ግን ብዙ አይልፉ። አካሉ ከተዘጋ በኋላ ማንም አያየውም። ጊዜዎን ለኮክፒቱ፣ ለአፍንጫውና ክፍት ለሚተዉት የቦምብ ማከማቻ ይስጡት።

የቦምብ ማከማቻው የላንካስተር መለያ ነው፤ ወደ 10 ሜትር የሚረዝም፣ ያልተከፋፈለ አንድ ክፍል። በሞዴሉ 14 ሴንቲሜትር ይሆናል። ክፍት ካደረጉት ጭነቱን እውነተኛ ያድርጉት፦ በከተማ ላይ ለሚደረግ ዘመቻ የተለመደው "ኩኪ" የተባለው፣ በርሜል የሚመስል ወደ 1,800 ኪሎ የሚመዝን አንድ ቦምብ በዙሪያው ከተደረደሩ የተቀጣጣይ ቦምብ ሣጥኖች ጋር ነበር። ዝግ ካደረጉት ደግሞ በሮቹን አካሉን በሚያጣብቁበት ጊዜ አብረው ይግጠሟቸው። ዘግይቶ የተገጠመ በር ክፍተት ያሳያል።

አካልና ክንፍ

ከማጣበቅ በፊት ሁሉንም ነገር ያለ ማጣበቂያ ይግጠሙ። ሁለቱ የአካል ግማሾች የማይገናኙ ከሆነ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ውስጥ ያለ ወለል ወይም ግድግዳ በግማሽ ሚሊሜትር መስፋቱ ነው፤ ይሞረዱት እንጂ በጉልበት አይጫኑት። ሲገጥም በላስቲክና በወረቀት ፕላስተር አስረው ቀጭን ማጣበቂያውን በብሩሽ ጫፍ ብቻ መገጣጠሚያው ላይ ያስነኩ፤ ራሱ በስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል። ጣትዎ መገጣጠሚያው ላይ ካለ ማጣበቂያው በጣትዎ ሥር ገብቶ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል፤ የጣት አሻራዎም ለዘላለም ይቀራል። አንድ ሌሊት ይተዉት።

አሁን ወደ ክንፉ። አራቱ የሞተር ቤቶች ተመሳሳይ ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ የውስጠኞቹ ሁለቱ የማረፊያ እግር የሚገባባቸው ስለሆኑ ይረዝማሉ። ቆርጠው ሳያበቁ በእያንዳንዱ ውስጠኛ ገጽ ላይ በእርሳስ "ግራ ውጭ፣ ግራ ውስጥ፣ ቀኝ ውስጥ፣ ቀኝ ውጭ" ብለው ይጻፉ። አንዱን ቤት ጨርሰው ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ አራቱንም በአንድ ደረጃ ላይ አብረው ያራምዱ፤ እንዲህ ሲሆን አራቱ አንድ እጅ የሠራቸው ይመስላሉ።

ክንፉን ሲያጣብቁ ልብ የሚባል ነገር አለ። የላንካስተር ክንፍ በውስጠኞቹ ሞተሮች መካከል ጠፍጣፋ ነው፤ ከዚያ ወደ ውጭ ከፍ ይላል። አብዛኞቹ ዘመናዊ ኪቶች ይህን የሚጠብቅ፣ አካሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ የክንፍ ምሰሶ አላቸው። ቢኖርም ባይኖርም ይለኩ፦ ሞዴሉን ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው ከጠረጴዛው እስከ እያንዳንዱ ክንፍ ጫፍ ያለውን ከፍታ በማስመሪያ ይለኩ። ሁለቱ እኩል እስኪሆኑ ድረስ ከሥር መጽሐፍ እየደረደሩ ደግፈው እንዲደርቅ ይተዉት። ከዚያ ከኋላ ቁጭ ብለው አግድም ጅራቱ ከክንፉ ጋር ትይዩ መሆኑን፣ ሁለቱ ቋሚ ጅራቶችም ቀጥ ብለው መቆማቸውን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ቀለምን ማስተካከል ይቻላል፤ ደርቆ የተጣመመ ክንፍ ግን አይስተካከልም።

ላንካስተር በጅራቱ ጎማ የሚያርፍ አውሮፕላን ስለሆነ አፍንጫው ውስጥ ክብደት መጨመር አያስፈልግም። እንደ ቢ-24 ወይም ቢ-25 ያለ የአፍንጫ ጎማ ያለው ቦምብ ጣይ ለሚሠራ ግን አካሉ ሳይዘጋ የእርሳስ ብረት ወይም ትንንሽ ብሎን አፍንጫው ውስጥ ማጣበቅ ግዴታ ነው።

ስንጥቅ መድፈን

ስቱኮ ለትልልቅ ክፍተቶች፣ ሱፐር ግሉ ለቀጫጭኖቹ። ሱፐር ግሉን እንደ ስቱኮ ከተጠቀሙ በደረቀ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይፈግፍጉት፤ ካደረ ከፕላስቲኩ ስለሚጠነክር ዙሪያውን ይበላል እንጂ ራሱ አይነሳም። በቁጥር 400 ብርጭቆ ወረቀት ጀምረው በ600 አልፈው በ1000 ይጨርሱ፤ ሁሉንም በውሃ አርሰው። ከዚያ ግራጫ ፕራይመር፣ ማለትም ከቀለም በፊት የሚቀባ መሠረት፣ በስሱ ይርጩ። ግራጫው የሚጠቅመው ያልታየውን ጭረት ስለሚያጋልጥ ነው፤ ያጋለጠውን አስተካክለው እንደገና ይርጩ። እዚህ ላይ የሚቸኩል ሰው ጥቁሩ ቀለም ላይ ይቀጣል።

መስታወቱ

የተሳካን ቦምብ ጣይ ካልተሳካው የሚለየው ከሁሉ በላይ መስታወቱ ነው። ላንካስተር የኮክፒቱ ትልቅ ክዳን፣ የቦምብ ዓላሚው የአፍንጫ ጉልላትና ሦስት የተኳሽ ጉልላቶች አሉት፦ ከፊት ሁለት፣ ከላይ ሁለት፣ ከኋላ አራት መትረየስ።

ግልጽ ክፍሎችን ከፍሬማቸው የሚቆርጡት በሚጠቀሙባቸው ቀን ብቻ ይሁን። በሱፐር ግሉ በጭራሽ አያጣብቋቸው፤ ትነቱ መስታወቱን ጉም ያለብሰዋል። ነጭ የእንጨት ኮላ በስቴኪኒ ጫፍ ይበቃል፤ ሲደርቅ አይታይም፣ የተረፈውም በእርጥብ ጥጥ ይጠረጋል።

ለመቀባት መስታወቱን መሸፈን ያስፈልጋል። ተቆርጦ የተዘጋጀ መሸፈኛ ለኪትዎ ከተገኘ ይግዙት፤ በዚህ ሥራ ላይ ገንዘብ የሚያዋጣው እዚህ ነው። ካልተገኘ የወረቀት ፕላስተሩን መስታወት ላይ ለጥፈው በአዲስ ምላጭ ቀጫጭን ክር እያደረጉ ይቁረጡ፣ እያንዳንዱን መስኮት በዳሩ በኩል በእነዚህ ክሮች ይክበቡት፣ መሐሉን በትልቅ ቁራጭ ይሙሉት። ጠርዙን በስቴኪኒ በደንብ ይጫኑ። ሽፋኑ እንዳለ መጀመሪያ የኮክፒቱን ውስጥ ቀለም፣ ከዚያ የውጪውን ይቀቡ፤ እንዲህ ሲሆን ከውስጥ የሚታየው የመስኮት ፍሬም ትክክለኛ ቀለም ይኖረዋል።

የተኳሽ ጉልላቶቹን ለብቻቸው ጨርሰው ያስቀምጡ እንጂ አሁን አይግጠሙ። መትረየሶቹ በሥራ መሐል ከሁሉ ቀድመው የሚሰበሩ ነገሮች ናቸው።

ቀለም

የሌሊት ቦምብ ጣዮች ከላይ ቡናማና አረንጓዴ፣ ከጎንና ከሥር ጥቁር ነበሩ። የላንካስተር ጥቁር በጎን በኩል ወደ ላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል፤ ቋሚ ጅራቶቹም በሁለቱም ገጽ ጥቁር ናቸው።

ከሁሉ ፈካ ያለው ቡናማው ስለሆነ በእሱ ይጀምሩ። የቀለም አምራቹ የሃምብሮል ቁጥር 29 የታወቀው የእንግሊዝ ቡናማ ነው፤ አረንጓዴውን ከዚያው ከሃምብሮል ቁጥር 30 ወይም ከታሚያ ኤክስ ኤፍ 81 ማግኘት ይቻላል። ቡናማው አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ የአረንጓዴውን ቅርጽ በእርሳስ በስሱ ይሳሉ። የሁለቱ ድንበር ጥርት ያለ ሆኖ በጣም ትንሽ ለስለስ ማለት አለበት፤ ለዚህ የሚበጀው ግድግዳ ላይ ወረቀት የሚለጠፍበትን ለስላሳ ማጣበቂያ ሊጥ አድቦልቡሎ እንደ ገመድ በድንበሩ ላይ ማጋደምና መሐሉን በፕላስተር መሸፈን ነው። ኤርብረሹን ወደ ገጹ ቀጥ አድርገው ይያዙት። በብሩሽ የሚሠራ ሰው ድንበሩን በነፃ እጅ ይሳልና ይሙላ።

ከዚያ የላይኛውን በሙሉ ሸፍነው ወደ ጥቁሩ ይሂዱ። ከጠርሙስ የወጣ ንጹህ ጥቁር አይጠቀሙ። በዚህ መጠን የተቀባ ንጹህ ጥቁር ብርሃን ሁሉ ስለሚውጥ የፕላስቲኩን ቅርጽና ዝርዝር ያጠፋዋል። የታሚያ ኤክስ ኤፍ 69 ከጥቁር አንድ ደረጃ የፈዘዘ ስለሆነ በመሠረትነት ይስማማል። መሠረቱ ሲደርቅ ጥቂት ግራጫ ጠብ አድርገው በጣም አቅጥነው በመስመር በተከለለው በእያንዳንዱ ገጽ መሐል ያልተስተካከሉ ትንንሽ ደመናዎች ይርጩ፤ በተቃራኒው በመገጣጠሚያዎቹ ዙሪያ የጠቆረውን ይተዉት። በአጠገቡ ሲያዩት የተጨማለቀ ይመስላል፤ ቨርኒሹ ሲያርፍበት ይስማማል።

ስለ አየሩ አንድ ነገር። በበጋ የአዲስ አበባ አየር ደረቅ ስለሆነ አክሪሊክ ቀለም በኤርብረሹ ጫፍ ላይ ይደርቃል፤ መድረቁን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ይጨምሩ፣ ጫፉንም በየጊዜው በእርጥብ ጥጥ ይጥረጉ። በክረምት ዝናብ መሐል ደግሞ የላከር ቨርኒሽ አይርጩ። እርጥበቱን ይይዝና ነጭ ጉም ይለብሳል፤ በጥቁር ሆድ ላይ ይህ በጣም ያስታውቃል። በየትኛውም ወቅት መስኮት ክፍት ይሁን፣ አፍና አፍንጫዎም ይሸፈን።

ዲካል

ዲካል የሚባለው በውሃ የሚለቀቀው ተለጣፊ በደብዛዛ ቀለም ላይ ከተለጠፈ ከሥሩ አየር ይይዝና ብር ይመስላል። መፍትሔው ቀድሞ የሚያብረቀርቅ ቨርኒሽ መቀባት ነው፤ ሁለት ስስ ድርብርብ። ዲካሉን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ነክረው አውጥተው ወረቀቱ ላይ እንዳለ ራሱ እስኪላቀቅ ይጠብቁት፤ ከዚያ ወደ ቦታው ያንሸራቱት። ማለስለሻ ፈሳሽ ካለዎት ሲቀቡት ይጨማደዳል፤ አይንኩት፣ ሲደርቅ ራሱ ይዘረጋል።

የላንካስተር ክንፍ ላይኛው ገጽ ቀይና ሰማያዊ ብቻ ያለው ክብ ምልክት አለው፤ ከክንፉ በታች ምንም ምልክት የለም። በአካሉ ጎን ያለው ግን ነጭና ቢጫ ቀለበት ይጨመርበታል። የስኳድሮኑ ፊደላት ፈዘዝ ያለ ቀይ ናቸው። የአር 5868ን የቦምብ ረድፎች ሲለጥፉ በግራ አፍንጫ ላይ መሆናቸውን ከፎቶው ጋር ያመሳክሩ።

የአገልግሎት ምልክት

መርሊን ሞተር በክንፉ ላይ የሚተወው የጭስ መስመር ከሁሉ በላይ የሚታይ ነው። ከጭስ ማውጫው ተነስቶ በክንፉ ላይ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ጠርዙ ቡናማ ጥቁር፣ መሐሉ በነዳጁ ውስጥ ባለው ሊድ ምክንያት ፈካ ያለ ግራጫ ነው። መጀመሪያ ጥቁሩን ሰፋ አድርገው፣ በላዩ ግራጫውን ጠበብ አድርገው ይሥሩት። የተፈጨ ደረቅ ቀለም በለስላሳ ብሩሽ መቀባት ለዚህ ከኤርብረሽም ይሻላል።

በጥቁሩ ክፍል ላይ መስመሮቹን ለማጉላት የሚፈሰው ፈሳሽ ቀለም ግራጫ ይሁን፤ ጥቁር ቢያፈሱ ምንም አይታይም። በሞተሮቹ ሥር ጥቂት ዘይት፣ በጎማዎቹ ላይ ብዙዎቹ ላንካስተሮች የሚነሱበትን የእንግሊዝ አውራጃ የሊንከንሻየርን ጭቃ ይጨምሩ፤ ቀለም የተላጠ ቦታ ግን በጣም ያሳንሱ። ብዙዎቹ ላንካስተሮች እስኪያረጁ የሚያደርስ ዕድሜ አላገኙም። ሲጨርሱ ሁሉንም በደብዛዛ ቨርኒሽ ያሽጉ።

መጨረሻ የሚገጠሙት

ሽፋኑን ከመስታወቱ በቀስታ ያንሱ። ከዚያ በዚህ ተራ ይሂዱ፦ ጎማዎች፣ የተኳሽ ጉልላቶች፣ ፕሮፔለሮች፣ አንቴናዎች። አራቱም ፕሮፔለሮች ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚዞሩ የሁሉም ስለቶች አዘነባበል አንድ መሆን አለበት፤ ጫፎቻቸው ቢጫ ናቸው። የጅራቱ ጎማ በበረራም ቢሆን አይታጠፍም።

ከቋሚ ጅራቶቹ ወደ ኮክፒቱ አካባቢ የሚዘረጋውን የሬዲዮ ሽቦ ከተረፈው የፕላስቲክ ፍሬም መሥራት ይቻላል። አንድ ቁራጭ ከሻማ ነበልባል በላይ፣ ሳያስነኩ፣ እያዞሩ ያሙቁት፤ ሲለሰልስ ከነበልባሉ አርቀው በሁለት እጅ ቀስ ብለው ይሳቡት። ቀጭን ክር ይሆናል። ለክቶ ቆርጦ በኮላ ከያዙት በኋላ ከረገበ፣ የተነፋ ክብሪት ትኩስ ጫፍ ከሥሩ በሁለት ሴንቲሜትር ርቀት ሲያሳልፉበት ይወጠራል።

ቀጣዩን ቦምብ ጣይ ከራሳችን ታሪክ ለመምረጥ ለሚፈልግ ሰው ሳብ 17 አለ፤ ስዊድን በጦርነቱ ዘመን የሠራችው ባለ አንድ ሞተር ቦምብ ጣይ ሲሆን፣ ከጦርነቱ በኋላ የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል ገዝቶ በካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን መሪነት ከደብረ ዘይት አብርሮታል። ክንፉ 13.7 ሜትር ስለሆነ በ1 ለ72 ወደ 19 ሴንቲሜትር ብቻ ይመጣል። የማረፊያ እግሩ ትልልቅ ሽፋኖች እንደ አየር ፍሬን ስለሚያገለግሉ፣ እዚያም ከክንፉ ማጣበቅ በፊት ያለ ማጣበቂያ ገጥመው የእግሮቹን ቀጥታነት ይለኩ።